ሐረርን በባጃጅ፦ ከ‘ኮንትራት’ ጉብኝት ማን ይጠቀማል? ጀጎልስ ስንት ጎማ ይችላል?

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት

ሰኔ ሲጋመስ በጅቡቲ ከተማ የቀን እንቅስቃሴ ይቀዘቅዛል። ከበረሃው የሚነሣ አቧራ ያዘለ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ እንግዳ ነገር አይደለም። በእንጨትና በቆርቆሮ የተሠሩ ቤቶች ተጠጋግተው በቆሙባቸው እንደ ካርቲየ ሰባት ባሉ ሰፈሮች ደግሞ ሌሊቱም ፋታ አይሰጥም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አቅምም ወረቀትም ያለው ቤተሰብ ሻንጣውን ያሰናዳል። የብዙዎች አቅጣጫ አንድ ነው፤ ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ወደ ደጋው፣ ወደ ሐረር።

“ወረቀት” የሚለው ቃል እዚህ ላይ ተራ ቃል አይደለም። የጅቡቲ ዜጋ ድንበሩን ተሻግሮ ለመመለስ ብዙም አይቸገርም። በዚሁ ሰፈር ለዓመታት የኖረ፣ ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ኢትዮጵያዊ ግን አንዴ ከወጣ ወደ ሥራው ለመመለሱ ዋስትና የለውም። ስለዚህ በአንድ ግቢ ከሚኖሩ ጎረቤቶች አንዱ ለክረምቱ ወደ ሐረር ሲሄድ ሌላው የትውልድ አገሩን በስልክ ፎቶግራፍ ብቻ ያያል።

ሐረር የደረሰ መንገደኛ የሚገጥመው የመጀመሪያ ጥያቄ ከተማዋን እንዴት ማየት እንደሚችል ነው። በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ጀጎል፣ ስፋቷ ከ50 ሔክታር አይበልጥም። በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ከ300 በላይ መተላለፊያዎች ተጠላልፈዋል። አብዛኞቹ መኪና አያስገቡም፤ አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም። መልሱ ከግንቡ ውጪ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ባለሦስት እግሩ ባጃጅ።

ባቡሩ ያለፋት ከተማ

የሐረርና የጅቡቲ ዝምድና ከባጃጁም ከባቡሩም ይቀድማል። ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሚነሡ የግመል ነጋዴዎች በዘይላና በታጁራ በኩል ወደ ሐረር ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅባቸው ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እአአ በጥር 1855 ወደ ከተማዋ የገባው ከዘይላ ተነሥቶ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1880 መጨረሻ የንግድ ወኪል ሆኖ ሐረር ሲደርስም መንገዱ ያው ነበር። በኋላ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ያሰበውን ጠመንጃ የጫነው ግን ከታጁራ፣ ከዛሬዋ ጅቡቲ ምድር ነው።

በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ ይህን መንገድ ቀየረው፤ ሐረርን ግን አልነካትም። ተራራውን መውጣት ከባድና ውድ በመሆኑ ሐዲዱ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። በ1902 የደረሰበት ስፍራ መጀመሪያ “አዲስ ሐረር” ተባለ፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ ናት። ንግዱ ወደ ታች ወረደ፣ አሮጌዋ ሐረር ከላይ ቀረች። ለነጋዴው ኪሳራ የነበረው ነገር ለግንቡ በረከት ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የባቡር ጣቢያ፣ መጋዘንና ሰፋፊ አውራ ጎዳና ያልመጣባት ከተማ አሮጌ መልኳን ይዛ ለመቆየት ዕድል አገኘች።

ዛሬም መንገደኛው በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከናጋድ ጣቢያ ተሳፍሮ፣ ወይም በአውቶቡስ በደወሌ በኩል አድርጎ ድሬዳዋ ይደርሳል። ከዚያ በሚኒባስ ደንገጎን ወጥቶ፣ ሐረማያንና የጫት ገበያዋን አወዳይን አልፎ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከባሕር ወለል ተነሥቶ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈልገው ሹራብ ነው።

‘ኮንትራት’ ማለት ምን ማለት ነው?

በኢትዮጵያ ከተሞች ባጃጅ ሁለት ዓይነት አገልግሎት ይሰጣል። አንደኛው በተወሰነ መስመር፣ በታወቀ ታሪፍ፣ ሦስት ሰው አሳፍሮ መመላለስ ነው። ሁለተኛው ‘ኮንትራት’ ይባላል፤ ተሳፋሪው ተሽከርካሪውን ለብቻው ይይዛል፣ ዋጋውም በስምምነት ይወሰናል። ጉብኝት የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው ነው።

ስምምነቱ በሦስት መልክ ይደረጋል። አንዳንዱ ለአንድ መንገድ ይዋዋላል፤ አንዳንዱ በሰዓት፤ የውጭ እንግዳ ወይም ቤተሰብ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ግማሽ ቀን ይይዛል። ልምድ ያለው መንገደኛ ሳይሳፈር ሦስት ነገሮችን ያጣራል፦ ዋጋው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለባጃጁ? የመጠበቂያ ጊዜው ተካቷል ወይ? ማታ ጅብ ወደሚበላበት ስፍራ ይወስዳል ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጠብ ያስነሣል፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለን እናያለን።

ከሕንድ የመጣው ይህ ተሽከርካሪ ስፋቱ 1.3 ሜትር ያህል ነው። ይህ ልኬት ለሐረር ትልቅ ትርጉም አለው። መኪና ከሐረር በር ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ በሚወስደው ጎዳናና በጥቂት ሌሎች መንገዶች ብቻ ሲወሰን፣ ባጃጁ ግን ከዚያ አልፎ ሊገባ ይሞክራል። ሊገባ መቻሉ ግን መግባት አለበት ማለት አይደለም።

ከባጃጅ በፊት የሐረር ታክሲ ፔጆ 404 ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ በ1960 መመረት የጀመረው ይህ መኪና በትውልድ አገሩ የሰብሳቢዎች ጌጥ ሲሆን፣ ሐረር ላይ ግን ለአሥርት ዓመታት እህልና ተሳፋሪ ሲያመላልስ ኖሯል። ዛሬም ጥቂቶቹ ከግንቡ ውጪ ይታያሉ፤ መለዋወጫቸውን የሐረር መካኒኮች ከሌላ መኪና እየቀጠሉ ያኖሯቸዋል። አንዳንድ ጎብኚ ባጃጁን ትቶ ፔጆውን የሚመርጠው ለፎቶግራፉ ሲል ነው፤ ሹፌሮቹም ይህን ስለሚያውቁ ዋጋው ላይ ይጨምራሉ።

በበሮቹ ዙሪያ

ብልህ አሽከርካሪ እንግዳውን መጀመሪያ ወደ ውስጥ አያስገባም። በግንቡ ዙሪያ ይወስደዋል። የግንቡ ርዝመት 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በባጃጅ ለመዞር ብዙ ጊዜ አይፈጅም። በዚህ ጉዞ እንግዳው አምስቱን ታሪካዊ በሮች ያያል፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ሐረሪዎች ለእነዚህ በሮች በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ስም አላቸው፤ ቡዳ በር “በድሮ በሪ” ነው፣ ኤረር በር ደግሞ “አርጎብ በሪ”። ስድስተኛው፣ ሐረር በር የሚባለው፣ ከአምስቱ ብዙ ዘግይቶ የተከፈተና ተሽከርካሪ የሚገባበት ነው።

ግንቡ በዋናነት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር፣ ከኑር ኢብን ሙጃሂድ ስም ጋር ይያያዛል። ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በ2006 ሲሆን፣ በውስጧ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮች እንዳሉ መዝግቧል። ከመስጊዶቹ ሦስቱ 10ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ይወርዳሉ። በቁጥሩ ላይ ማቆም ግን ከተማዋን ማሳነስ ነው። አንድ ሰው ፈረስ መጋላ ላይ ቆሞ ሲዞር የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንን ያያል። ከ1887ቱ የጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ከተማዋን ሲይዙ፣ ግብፆች ያሠሩት መስጊድ በነበረበት ስፍራ የቆመ ነው። ይህን ታሪክ በስንት ቃል፣ በየትኛው ወገን አንደበት ይተርኩታል? የአስጎብኚ ሙያ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ባጃጁን መንዳት የሚችል ሁሉ ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም።

ከፈረስ መጋላ በኋላ ባጃጁ ይቆማል፣ ወይም መቆም አለበት። መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ በእግር ካልሆነ አይሰማም። ከዚያ ወዲያ ያለው መጋላ ጉዶ፣ ትልቁ ገበያ፣ ቅመምና ፍራፍሬ መሬት ላይ ዘርግተው በሚሸጡ የአካባቢው ሴቶች የተሞላ ነው። አስጎብኚዎች “የእርቅ መንገድ” እያሉ የሚያሳዩት መተላለፊያ ደግሞ እጅግ ከመጥበቡ የተነሣ የተጣሉ ሰዎች ከተገናኙበት ሳይነጋገሩ መተላለፍ አይችሉም ይባላል።

የጉብኝቱ ሌላ ማረፊያ “ራምቦ ቤት” ነው። ስሙን የሰማ ወጣት የአሜሪካው ፊልም ጀግና ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። ቤቱ የገጣሚው መታሰቢያ ቢሆንም ራምቦ እንደማይኖርበት የታሪክ አጥኚዎች ይስማማሉ፤ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ያም ሆኖ በሥዕል ያጌጠው ጣሪያና በውስጡ ያሉት የቆዩ የከተማዋ ፎቶግራፎች የመግቢያውን ዋጋ ያካክሳሉ። በአቅራቢያው ያለው የራስ ተፈሪ ቤት ደግሞ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግላቸው ለዓመታት የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ አልባሳትና የድምፅ ቅጂዎች የሚታዩበት ሙዚየም ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው ከሁለቱ አንዱን ቢመርጥ፣ ይህ ዘጋቢ ሁለተኛውን ይመክራል።

የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ለመጎብኘት በር ማንኳኳት ይጠይቃል። ውስጡ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉት፤ ነደባ ይባላሉ። እያንዳንዱ መደብ ማን እንደሚቀመጥበት የታወቀ ነው። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ያጌጣል፤ ቀይ የተቀባው መደብ ደግሞ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ተብሎ ይተረካል። ቤቱ ግን ሙዚየም አይደለም፤ ሰው ይኖርበታል፤ ቡና የሚፈላበት፣ ልጅ የሚተኛበት ነው።

ሌሊቱና የፊት መብራቱ

ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ጅቦች ወደ ግንቡ ይጠጋሉ። በሐረሪ ቋንቋ ጅብ “ወራባ” ነው፤ በግንቡ ሥር እነሱ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ከጥንት ጀምሮ አሉ። በዓሹራ ዋዜማ ቅቤ የገባበት ገንፎ ለጅብ የማቅረብ ልማድም አለ። ለጎብኚ የሚታየው በእጅና በአፍ በተያዘ እንጨት ሥጋ የማብላት ትርዒት ግን የኋላ ዘመን ነው። ዩሱፍ ሙሜ ለዓመታት አስኬደውት ልጃቸው አባስ ተረክቧል።

እዚህ ላይ ባጃጁ ከመጓጓዣነት ያለፈ ሥራ አለው። ስፍራው ጨለማ ስለሆነ ለብዙ ዘመን ብርሃን የሚሰጠው የታክሲ የፊት መብራት ነበር። ፔጆውም ባጃጁም መብራቱን አብርቶ ይቆማል፣ ጅቦቹ በዚያ ጨረር ውስጥ ይመጣሉ። አሽከርካሪው ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀ ነዳጅ ያቃጥላል፤ በዚያ ሰዓት በመስመር ሊያገኘው የሚችለውን ገቢም ይተዋል። በዚህ ላይ በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ባጃጅ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ እንዳይንቀሳቀስ የሚያግዱ የጸጥታ መመሪያዎች በየጊዜው ይወጣሉ። የምሽቱ ዋጋ ከቀኑ የሚበልጠው፣ አስቀድሞ ያልተነጋገረ መንገደኛም የሚጨቃጨቀው ለዚህ ነው።

ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

ኢትዮጵያ በሐምሌ 2024 የብርን የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከለቀቀች ወዲህ ከጅቡቲ የሚመጣው መንገደኛ ሂሳብ ተቀይሯል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177.7 የተሰፋ ነው፤ አይነቃነቅም። አንዲት የ10,000 ፍራንክ ኖት 56 ዶላር ያህል ናት። ከለውጡ በፊት በባንክ 3,200 ብር ገደማ ታወጣ ነበር፤ ዶላሩ 100 ብርን ካለፈ በኋላ ግን ከ5,600 ብር በላይ ሆነች። ለካርቲየ ሰባቱ ቤተሰብ ጉብኝቱ ረክሷል። ለአሽከርካሪው ግን ጎማው፣ ባትሪውና የሞተሩ መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ያው ለውጥ በሌላኛው እጁ ይወስድበታል። የነዳጅ ድጎማውም ከ2022 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተነሥቷል። ከአገር ውስጥ የመጣ፣ ደመወዙን በብር የሚያገኝ ጎብኚ ደግሞ በሁለቱ መካከል ይጨነቃል።

ብዙ አሽከርካሪዎች የባጃጁ ባለቤት አይደሉም። ለባለንብረቱ በየቀኑ የተወሰነ ገንዘብ ያስገባሉ፤ ከዚያ የተረፈው የእነሱ ነው። አንድ የግማሽ ቀን ኮንትራት የቀኑን ገቢ በአንድ ጊዜ ይሸፍናል። ለዚህም ነው እንግዳ ሲታይ ሽሚያ የሚነሣው።

ሽሚያው ከፈቃድ ካላቸው አስጎብኚዎች ጋርም ነው። አስጎብኚ ሥልጠና ወስዶ፣ መታወቂያ አውጥቶ፣ ግብር ከፍሎ ይሠራል። አሽከርካሪ ደግሞ እየነዳ መተረክ ከጀመረ ተጓዡ አስጎብኚ አያስፈልገኝም ይላል። በሌላ በኩል ሲታይ አሽከርካሪውም ልክ አለው፤ ከተማዋ ከተማው ናት፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚያግባባ ወጣት ጥቂት አይደለም፣ ከጅቡቲ ለመጣ ቤተሰብ ሶማልኛው ከእንግሊዝኛ ትረካ ይልቅ ይጠቅመዋል። የተሻለው አሠራር ሁለቱ ተጣምረው ሲሠሩ የሚታየው ነው፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ከበሩ በኋላ በእግር ይመራል። በዚህ ውል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሱት ሦስተኛ ወገን ግን አሉ። ቤታቸውን የሚከፍቱት፣ ቡና የሚያፈሉት፣ ስፌታቸውን የሚያሳዩት ሴቶች ናቸው። ክፍያው በአሽከርካሪው ወይም በአስጎብኚው እጅ ካለፈ የሚደርሳቸው ቀንሶ ነው። እንግዳው ለቤቷ ባለቤት በቀጥታ፣ በእጇ ቢሰጥ ይህ ችግር አይኖርም።

ከዕቃ መደብር የሚከፈል ኮሚሽንም አለ። አሽከርካሪው ሳይጠየቅ ወደ አንድ ሱቅ ከወሰደ ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። ወንጀል አይደለም፤ በብዙ የዓለም ከተሞች የተለመደ ነው። ዋጋው ላይ ግን ይታያል።

ድንጋዩ ምን ይላል?

የጀጎል ግንብና ቤቶች የተሠሩት በአካባቢው ድንጋይ፣ በጭቃና በእንጨት ነው። ቤቶቹ በኖራ ይለሰናሉ። የመተላለፊያው ግድግዳ የተለየ አጥር አይደለም፤ የሰው ቤት የውጭ ግድግዳ ነው። ባጃጅ በማዕዘን ሲታጠፍ ጎኑ ከነካው የሚፋቀው የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ነው። ጭቃው ውሃ ከገባበት ደግሞ ከክረምቱ በኋላ ጥገና ይጠይቃል፤ ወጪው የነዋሪው ነው። የሁለት ግድግዳ መካከል የሞተር ድምፅ እንዴት እንደሚያስተጋባ መስጊድ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሰማ ያውቀዋል።

ሆኖም ባጃጅን ጨርሶ ማገድ ለነዋሪው አይመችም። ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሽማግሌ፣ የዱቄት ከረጢት፣ የጋዝ ሲሊንደር ወደ ቤት የሚደርሰው በእሱ ነው። በ2023 የመጀመሪያ ወራት አዲስ አበባ ባጃጅን ለጊዜው ባገደችበት ወቅት የታየው ይኸው ነበር፤ አሽከርካሪው ብቻ ሳይሆን ከዋና መንገድ ራቅ ብሎ የሚኖረው ሰውም ተቸገረ። ስለዚህ ጥያቄው ባጃጅ ይግባ ወይስ አይግባ ሳይሆን፣ ጎብኚን የጫነ ባጃጅ እስከ የት ይግባ የሚል ነው።

ሌሎች አሮጌ ከተሞች ይህን ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ መልሰዋል። በፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን፣ ጎብኚ የሚያመላልሱ ቱክቱኮች ከልክ በላይ በመብዛታቸው ከተማዋ በ2025 ከ300 በላይ ጎዳናዎችን ዘግታባቸዋለች። የዮርዳኖሷ ፔትራ በ2021 በፈረስ የሚጎተቱ ጋሪዎችን በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ተክታለች፤ መንዳቱ ግን ቀድሞ በጋሪው ሲተዳደሩ ለነበሩት እንዲደርስ ተደርጓል። ለሐረር የሚቀርበው ሁለተኛው ይመስለኛል። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ባለሦስት እግሮችም ገበያ ላይ ናቸው። ድምፅ የለውም፣ ጭስ የለውም፤ ዋጋው ግን በዕለት ገቢ ከሚኖር አሽከርካሪ አቅም በላይ ነው፣ የመብራት መቆራረጡም አለ።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በተካሄደው የኮሪደር ልማት የጀጎል ገጽታና የግንቡ ዙሪያ ተሻሽሏል። የመንገዱ መስተካከል ግን ሁለት ስለት አለው፤ ለእግረኛ የተመቸ ንጣፍ ለጎማም ይመቻል።

ለጊዜው ውሳኔው በአብዛኛው በተሳፋሪው እጅ ነው። ኮንትራቱ ሲደረግ “ዙሪያውን በባጃጅ፣ ውስጡን በእግር” ብሎ መነጋገር ይቻላል፤ አሽከርካሪው ነዳጅ ይቆጥባል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። መራመድ የማይችል አዛውንት ካለ እስከ ፈረስ መጋላ መግባት በቂ ነው። ከረመዳን በኋላ ባሉት ቀናት ለሚከበረውና ዩኔስኮ በ2023 በማይዳሰስ ቅርስነት ለመዘገበው የሹዋሊድ በዓል የሚሄድ ሰው ግን ይህን ሁሉ ማሰብ አይጠበቅበትም። በእነዚያ ምሽቶች መንገዶቹ በሕዝብ ስለሚሞሉ ባጃጁ ራሱ በሩ ላይ ይቀራል።